ይለፍና ማቆሚያ፦ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ስለ ተሽከርካሪ ፈቃድና ደንብ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ረጅም ሕንፃ መነጋገር የተለመደ ነው። ስለ መኪና ማቆሚያ መናገር ግን ለዘበኛና ለጠቅላላ አገልግሎት ክፍል የሚተወውን ጉዳይ ወደ ባለሙያ ጉባኤ ማምጣት መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገሩ ሲመረመር ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ዩኒቨርሲቲ በማለዳ በሩን ሲከፍት የዕለቱን የመጀመሪያ ውሳኔ የሚሰጠው ፕሬዚዳንቱ ሳይሆን በበሩ ላይ የቆመው የጥበቃ ሠራተኛ ነው። የትኛው መኪና ይግባ? የትኛው ይመለስ? የገባውስ የት ይቁም? ሠራተኛው ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሆን የተጻፈ ደንብ በእጁ ከሌለ የሚፈርደው በመኪናው ዓይነት፣ በነጂው ፊትና በድምፁ ኃይል ይሆናል። ከዚያ በኋላ በግቢው ውስጥ የሚታየው ሁሉ የዚያ ፍርድ ውጤት ነው። የእሳት አደጋ መኪና ማለፊያው ይዘጋል፤ እግረኛው ከእግር መንገዱ ወርዶ በመኪና መካከል ይሄዳል፤ ሣሩ ይረገጣል፤ ለአካል ጉዳተኞች በተሠራው መወጣጫ ፊት መኪና ይቆማል።

የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብ አጭር ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ለባለመኪና የሚሰጠው ወረቀት በአብዛኛው ይለፍ ነው እንጂ የማቆሚያ ፈቃድ አይደለም። ይለፍ «ማን ነህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። የማቆሚያ ፈቃድ ግን መልስ የሚሆነው «የት ታቆማለህ? እስከ ስንት ሰዓት?» ለሚለው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው የጥበቃ ሥራ ሲሆን ሁለተኛው የምሕንድስና ሥራ ነው። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ተጠቃለው ስለ ቀሩ ሁለተኛው ጥያቄ ጠያቂ አጥቶ ኖሯል።

1. ከደጅ የመውረድ ሥርዓት

የትምህርት ቦታ ለመጓጓዣ ደንብ ማውጣቱ ከባሕር ማዶ የመጣ ልማድ አይደለም። በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በቤተ ልሔም፣ በቆማ፣ በአጫብርና በተጉለት ስልት ሲነገር ከሁሉም በላይ በአገሪቱ የተሰራጨው የቤተ ልሔሙ ነው። ድጓን በሌላ አገር የተማረ ሰው በመምህርነት ለመቀመጥ ሲፈልግ ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። የተማረው ዜማ ከምስክር ቤቱ ዜማ ጋር ይመዛዘናል፤ የጎደለው ይሞላል፤ የተሳሳተው ይታረማል። ከዚያ በኋላ ነው «ያስመሰከረ» የሚባለው። በዚያው በጋይንት ያለችው ዙር አምባም ለዝማሬና መዋሥዕት እንዲሁ ምስክር ቤት ናት።

ወደ እንዲህ ያለ ደብር የሚመጣ እንግዳ የሚጠብቀው ሥርዓት በመላው አገሪቱ አብያተ ክርስቲያናት የታወቀው ነው። በበቅሎ የመጣ ከቅጽሩ ውጭ ይወርዳል። በቅሎዋ ከውጭ ትታሰራለች፤ ወይም አሽከሩ ወደሚሰማራበት ቦታ ይወስዳታል። ወደ ውስጥ የሚገባው ሰውየው ብቻ ነው። መኰንን ነኝ ብሎ በበቅሎ እንደ ተቀመጠ ቅጽሩን ማለፍ ነውር ነበር። ደንቡ የሚመለከተው መጓጓዣውን እንጂ የተጓዡን ማዕረግ ስላልሆነ ጌታውም ሎሌውም ከበሩ በኋላ በእግራቸው ይሄዳሉ።

ከቅጽሩ ውስጥ ደግሞ ክልል አለ። በክብ በተሠራው ቤተ ክርስቲያን ውጫዊው ክፍል ቅኔ ማኅሌት፣ መካከለኛው ቅድስት፣ የውስጡ መቅደስ ይባላል። በቅኔ ማኅሌቱ መዘምራን ይቆማሉ፤ በቅድስቱ ምእመናን ይቆርባሉ፤ ወደ መቅደሱ የሚገቡት ቀሳውስትና ዲያቆናት ናቸው። ይህ ክፍፍል በሀብት የተደረገ አይደለም፤ እያንዳንዱ በሚሰጠው አገልግሎት የተደረገ ነው። በበሩ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ባይኖርም ወሰኑን የማያውቅ የለም።

ከዚህ ሦስት ቁም ነገር ይገኛል። አንደኛ፣ መጓጓዣ ከዳር ይቀራል፤ መካከሉ ለሰው ነው። ሁለተኛ፣ የውስጡ ክልል የሚከፋፈለው በአገልግሎት ነው። ሦስተኛ፣ ፈቃድ የሚሰጠው ከተመዘነ በኋላ ነው። እርግጥ ነው፣ በቅሎና መኪና አንድ አይደሉም። በቅሎን አሽከር ይዟት ዞር ይላል፤ መኪና ግን ባለቤቱ እስኪመለስ ድረስ ስምንት ሰዓት ሙሉ ባዶውን መሬት ይዞ ይቆማል። ይህ ልዩነት የቀድሞውን ሥርዓት የበለጠ አስፈላጊ ያደርገዋል እንጂ አይሽረውም።

2. የቤተ መንግሥት በርና የዩኒቨርሲቲ በር

ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ የወረሰው የደብሩን በር ሳይሆን የቤተ መንግሥቱን በር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በስድስት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ለትምህርት ሰጥተውት በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተመረቀ፤ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ1967 ዓ.ም. ነው። ዛፎቹ፣ የአትክልት ቦታዎቹና መንገዶቹ የተተለሙት ለቤተ መንግሥት ነው፤ በየቀኑ ገብተው ለሚውሉ ብዙ መኪናዎች አልተተለሙም። የቤተ መንግሥት በር ዘወትር የሚጠይቀው ማን እንደ ገባ ነው። ከገባ በኋላ የት እንደሚያቆም የሚያስጨንቅ ቁጥር በዚያን ጊዜ አልነበረም።

ዛሬ በአገራችን ከፍተኛ የትምህርት ተቋማት በሮች ላይ የሚታየው አሠራር በጠቅላላው የሚከተለው ነው። የሠራተኛ መኪና በፊት መስተዋቱ ላይ በሚለጠፍ ምልክት ወይም በመታወቂያ ይገባል። እንግዳ መታወቂያውን ለጥበቃ ሠራተኛው አስይዞ የሚሄድበትን ቢሮ ይናገራል። ዕቃ መጫኛው ይከፈታል፤ ይፈተሻል። ለብዙ ዓመታት የተሠራበት የሰሌዳ ኮድም ለዚሁ ሲያገለግል ቆይቷል፤ ኮድ 2 የግል፣ ኮድ 3 የንግድ፣ ኮድ 4 የመንግሥት መሆኑን ዘበኛው ከሩቅ ያነብ ነበር። ይህ ሁሉ ለጸጥታ አስፈላጊ ስለሆነ ሊነቀፍ አይገባውም። ነገር ግን መታወቂያው፣ ፍተሻውና የሰሌዳው ኮድ አንድ ላይ ተደምረው እንኳ በግቢው ውስጥ ስንት ባዶ ቦታ እንደ ቀረ አይነግሩም። ይለፍ የያዘው ሰው በሕጋዊ መንገድ ይገባል፤ ቦታ ሲያጣ ግን ያንኑ ሕጋዊነቱን ይዞ በእግረኛ መንገድ ላይ ያቆማል።

3. የማቆሚያ ፈቃድ እንዴት ይሠራል?

የመኪና ብዛት ቀድሞ ያስጨነቃቸው አገሮች ጉዳዩን በልምድ አጥንተውታል። በመንገድ ዳር ለማቆም በሰዓት የሚያስከፍለው መሣሪያ መጀመሪያ የተተከለው በአሜሪካ በኦክላሆማ ሲቲ በ1935 እ.ኤ.አ. ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ችግሩ ወደ ዩኒቨርሲቲዎቹ ተዛመተ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ክላርክ ከር፣ ዩኒቨርሲቲ ማለት የማቆሚያ ቦታ ቅሬታ አንድ ያደረጋቸው ሰዎች ስብስብ ነው የሚል መንፈስ ያለው ቀልድ በ1963 እ.ኤ.አ. መናገራቸው እስከ ዛሬ ይነሣል። በዚያ አገር ተማሪዎችና መምህራን የማቆሚያውን ፈቃድ «የአደን ፈቃድ» ብለው ይጠሩታል። ወረቀቱ ቦታ ፍለጋ ለመዞር መብት ይሰጣል እንጂ ቦታውን አይሰጥም ማለታቸው ነው።

ሥርዓቱ በደንብ ሲሠራ ደረጃዎቹ እነዚህ ናቸው።

በመጀመሪያ መሬቱ ይለካል። እያንዳንዱ ቦታ በቀለም ተሠምሮ ቁጥር ይሰጠዋል። ለእሳት አደጋ መኪና፣ ለአምቡላንስ፣ ለዕቃ ማራገፊያና ለአካል ጉዳተኞች የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት ይነሣል። ሊከፋፈል የሚችለው ከዚህ የተረፈው ብቻ ነው።

ቀጥሎ ተጠቃሚው በክፍል ይለያል። መምህር፣ የአስተዳደር ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ እንግዳ፣ የተቋሙ የራሱ መኪና እየተባለ ለእያንዳንዱ ክፍል የፈቃድ ቀለምና ክልል ይመደብለታል። ሰዓቱም ይወሰናል። ቀን ለሠራተኛ ብቻ የሆነው ክልል ማታ ለማታ ተማሪዎች ክፍት ሊሆን ይችላል። አንድ መሬት በሁለት ፈረቃ ሁለት ጊዜ አገለገለ ማለት ነው።

ከዚያ የፈቃዱ ብዛት ይሰላል። የነገሩ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነውና በቁጥር መግለጹ ይጠቅማል። 100 መኪና የሚያቆም አንድ ክልል አለ እንበል። ፈቃድ ከያዙት ሰዎች መካከል በጣም በሚጣበበው ሰዓት በአንድ ጊዜ የሚገኙት ከመቶ 70 ናቸው፤ የቀሩት በመስክ ሥራ፣ በሕመም፣ በሌላ ግቢ ወይም በቤታቸው ናቸው። ከቦታውም ከመቶ 85ቱ ብቻ እንዲያዝ ይፈለጋል። እንግዲህ 85ን በ0.7 ማካፈል ነው፤ ውጤቱ 121 ይሆናል። ይህ ክልል 121 ፈቃድ ይሸከማል። 150 ቢሰጥ በዚያው ሰዓት 105 መኪና ይመጣል። አምስት መኪና ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን እነዚህ አምስቱ አይሰወሩም። አንዱ በእሳት አደጋ መኪና ማለፊያ፣ አንዱ በቤተ መጻሕፍቱ ደጅ፣ አንዱ በዛፍ ሥር፣ ሁለቱ ደግሞ በሌሎች መኪናዎች ጀርባ ይቆማሉ። ጉዳቱ የአምስት መኪና ሳይሆን የግቢው ሁሉ ይሆናል።

ከመቶ 15ቱ ባዶ መተዉ ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ ይነሣል። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩትና በ2005 እ.ኤ.አ. ስለ ነፃ ማቆሚያ ውድነት ታላቅ መጽሐፍ ያሳተሙት ዶናልድ ሹፕ በዚህ ላይ ብዙ ደክመዋል። ከሰባት ቦታ አንዱ ያህል ባዶ ሆኖ ከተገኘ የሚመጣው ነጂ ሳይዞር ያቆማል። ሁሉም ሲሞላ ግን መኪናው እየዞረ ነዳጅ ያቃጥላል፤ መንገድ ያጨናንቃል፤ ዓይኑ ባዶ ቦታ ፍለጋ ላይ ስለሆነ እግረኛውን አያይም። ተማሪ በሚበዛበት ግቢ የመጨረሻው አደጋ ከሁሉ ይከፋል።

ቀጥሎ ዋጋ ይመጣል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የማቆሚያ አገልግሎት ወጪውን ከራሱ ገቢ እንዲሸፍን የሚያዝ ሥርዓት አለ። በእኛ አገር ግን ማቆሚያ በነፃ የሚሰጥ ጸጋ ተደርጎ ይታሰባል። ነፃ ነው ሲባል ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። አስፋልቱ ተነጥፏል፤ ቦዩ ተቆፍሯል፤ ዘበኛው ደመወዝ ይከፈለዋል። ወጪውን በእግሩና በአውቶቡስ የሚመጣው ሰው ከባለመኪናው እኩል ይሸከማል፤ የሚጠቀመው ግን ባለመኪናው ብቻ ነው። ዋጋው ትንሽ ቢሆን እንኳ መኖሩ ብቻ ሰውን ያሳስባል፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መኪናውን የሚያመጣ ሰው የዓመት ፈቃድ ይዞ እንዳይቀመጥ ያደርጋል።

በመጨረሻ ማስከበርና አቤቱታ አሉ። ለመጀመሪያ ጥፋት የማስጠንቀቂያ ወረቀት በመስተዋቱ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ መቀጮ ይከተላል፤ ከዚያም ጎማ ይታሰራል ወይም መኪናው ተጎትቶ ይነሣል። ለአገራችን ተቋም ግን ከሁሉ የሚቀለውና የሚበቃው ቅጣት ፈቃዱን ለተወሰነ ጊዜ መያዝ ነው። የተቀጣው ሰው የሚሰማበት፣ ከጥበቃ ክፍሉ የተለየ አንድ ኮሚቴ ሊኖር ይገባል። አቤቱታ የማይሰማበት ደንብ እንደ በቀል ይቆጠራል፤ ቅጣት የሌለበት ደንብ ደግሞ እንደ ምክር።

4. የመሬቱ ሒሳብ

ልብስ ሰፊዎች «ዐሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይላሉ። አንድ የቤት አውቶሞቢል ለመቆም ስፋቱ 2.5 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ ቦታ ያስፈልገዋል፤ 12.5 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። መግቢያና መዞሪያው ሲደመር ለእያንዳንዱ መኪና ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይደርሳል። በዝቅተኛው ቢታሰብ 105 በ68 ሜትር የሆነ ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ የሚይዘው 285 መኪና ብቻ ነው። በመማሪያ ክፍል ለአንድ ተማሪ 1.25 ካሬ ሜትር ቢመደብ የአንድ መኪና ቦታ ለ20 ተማሪዎች ይበቃል። 12 ሜትር ርዝመት ያለው የሠራተኛ ማመላለሻ አውቶቡስ ሲቆም 30 ካሬ ሜትር ያህል ይይዛል፤ 60 ሰው ካመጣ ለአንድ ሰው ግማሽ ካሬ ሜትር ይደርሰዋል። ብቻውን በአውቶሞቢል የመጣ ሰው ግን መዞሪያው ሳይቆጠር 12.5 ካሬ ሜትር ይዟል። ልዩነቱ ሃያ አምስት እጥፍ ነው።

ውኃውም ይቆጠራል። 200 መኪና የሚያቆም ግማሽ ሄክታር አስፋልት ላይ በክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 100 ሜትር ኩብ ውኃ ይሰበሰባል። ሣርና አፈር ከዚህ የተወሰነውን ይመጡት ነበር፤ አስፋልቱ ግን ሁሉንም ማለት ይቻላል ወደ ታች ይሰደዋል። እንደ ደቡብ ጎንደር ባለ ተዳፋት የበዛበት ደጋ የማቆሚያ ሜዳ ያለ ቦይ መሥራት ከግቢው በታች ላለው ገበሬ ቦረቦር መላክ ነው።

ቦታ ሲያጥር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሥራት ይቻላል። አዲስ አበባ ይህን ጀምራለች። በ2009 ዓ.ም. በመገናኛ መኪና በመሣሪያ ወደ ላይ እየተነሣ የሚደረደርበት ማቆሚያ አገልግሎት ጀመረ። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የመስቀል አደባባይ ሥራም ከሥሩ 1,400 ያህል መኪና የሚይዝ ማቆሚያ አለው። እነዚህ ለከተማ ማእከል የሚገቡ ውድ መፍትሔዎች ናቸው። ላቦራቶሪው ዕቃ ያልተሟላለት ተቋም በዚህ መንገድ መሄድ አይችልም፤ አይገባውምም። ለእርሱ ርካሹ መፍትሔ ያለውን በሥርዓት መጠቀም ነው።

5. ክብርና ደንብ

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚያስቸግረው ቁጥሩ ሳይሆን ክብር ነው። በስም የተመደበ ቦታ ከማዕረግ ምልክቶች እንደ አንዱ ይታያል፤ ባለቤቱ ለስብሰባ ሌላ ከተማ በሄደበት ሳምንት ሁሉ ባዶውን ይውላል። ከላይ እንደ ተሰላው 100 የጋራ ቦታ 121 ሰው ያገለግላል፤ 100 በስም የተመደበ ቦታ ግን 100 ሰው ብቻ ያገለግላል። ስለዚህ እያንዳንዱ የስም ምደባ ከሌላው ሰው የሚቀነስ ነው።

በበርክሊ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኖቤል ሽልማት ለተሸለሙ መምህራን የተለየ ማቆሚያ ይሰጣል። ይህ ምሳሌ ብዙ ጊዜ ለማዕረግ ምደባ ድጋፍ ሆኖ ይጠቀሳል። በእውነቱ ግን የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። ክብሩ ክብር ሆኖ ሊኖር የቻለው ተሸላሚዎቹ ጥቂት በመሆናቸው፣ መለኪያውም ለሁሉ የታወቀ በመሆኑ ነው። ዲኑ፣ ምክትል ዲኑ፣ የክፍል ኃላፊው፣ የአገልግሎት ኃላፊው ሁሉ በየስማቸው ቢመደብላቸው ክብሩም ይረክሳል፤ ቦታውም ያልቃል።

የሚጎዳውም የታወቀ ነው። በመጀመሪያ የሚጎዳው የጥበቃ ሠራተኛው ነው። ባለሥልጣኑን ቢመልስ ይወቀሳል፤ ቢያስገባ ቦታ የለም፤ ነገ መንገድ ተዘግቶ ሲገኝ ደግሞ ተጠያቂው እርሱ ይሆናል። ከዚያ የሚጎዳው በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ተማሪ ነው፤ መወጣጫው ፊት የቆመው መኪና ለእርሱ እንደ ግንብ ነው። በመጨረሻም ሌሊት በመኝታ ቤት የታመመው ተማሪ አለ። አምቡላንሱ ከበሩ እስከ መኝታ ቤቱ ያለውን ጥቂት መቶ ሜትር ለማለፍ የመኪና ባለቤት የሚፈለግ ከሆነ፣ በቀን በቸልታ የተሰጠው ይለፍ በሌሊት ሕይወት ያስከፍላል። የተጻፈ ደንብ ጉልበት የሌለው ሰው መከታ ነው። ዘበኛው «ደንቡ አይፈቅድም» ብሎ ወረቀቱን ሲያሳይ የሚናገረው ተቋሙ እንጂ እርሱ አይሆንም።

6. አዲሱ ዘመን ያመጣው ጥያቄ

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወሰነ። ከዚህ ወዲህ ለማቆሚያ ደንብ አዲስ ምዕራፍ ተከፍቷል። የኤሌክትሪክ መኪና የቆመበት ቦታ ነዳጅ ማደያውም ሊሆን ይችላልና። የባትሪው አቅም 40 ኪሎ ዋት ሰዓት የሆነ መኪና ባዶ ሆኖ ቢመጣ በ7 ኪሎ ዋት መሙያ ለመሙላት ስድስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ዐሥር መሙያ በአንድ ጊዜ ሲሠራ 70 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ይህም የላቦራቶሪና የመኝታ ቤት ጭነት በተሸከመው ትራንስፎርመር ላይ የሚጨመር ነው። ስለዚህ መሙያ ያለው ቦታ የጠዋትና የከሰዓት ፈረቃ፣ የኃይል ቆጣሪና የራሱ ዋጋ ሊኖረው ያስፈልጋል። ያለዚያ ጠዋት ቀድሞ የደረሰ ሰው ቦታውንም ኃይሉንም ቀኑን ሙሉ ይዞ ይውላል።

ሁለተኛው ጥያቄ የአዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ነው። ደብረ ታቦርን የመሳሰሉት የሦስተኛው ትውልድ ተቋማት እንደ ስድስት ኪሎ በከተማ መካከል የተጨናነቁ አይደሉም፤ መሬት አላቸው። የእነርሱ አደጋ የቦታ ጥበት ሳይሆን የቦታ ስፋት ነው። ሰፊ ግቢ ባለመኪናው በእያንዳንዱ ሕንፃ ደጅ እንዲያቆም ይጋብዛል፤ ልማድ ሆኖ ከጸና በኋላ ግን ማስተው ይቸግራል። ዛሬ መኪናው ጥቂት ሳለ ማቆሚያውን በበሩ አጠገብ መሥራትና ከበሩ ወደ መማሪያ ክፍሎቹ ጥላ ያለው የእግር መንገድ መዘርጋት ወጪው አነስተኛ ነው።

ሦስተኛው ብስክሌት ነው። ባሕር ዳር በብስክሌቷ የታወቀች ከተማ ናት፤ ሜዳማነቷ ረድቷታል። አንድ መኪና በሚቆምበት ስፍራ ዐሥር ያህል ብስክሌት ይደረደራል። ይሁንና በብዙ ግቢ ለመኪና መስመር ሲሠመር ለብስክሌት አንድ ማሰሪያ ብረት እንኳ አይተከልም። ፈቃድ የማያስፈልገው፣ ቦታ የማያጣብበው መጓጓዣ ከደንቡ ተረስቶ መቅረቱ ደንቡን የሚጽፉት ባለመኪናዎች መሆናቸውን ያመለክታል።

7. ማጠቃለያ

ክቡራትና ክቡራን፣ ከተባለው ሁሉ አምስት ነጥቦች ለማኅበሩ አባላት ውይይት ይቀርባሉ። እያንዳንዱ ተቋም ፈቃድ ከማደሉ በፊት ቦታውን ይቁጠር፤ ቁጥሩንም በበሩ ላይ ይጻፍ። ይለፍና ማቆሚያ በሁለት ወረቀት ይለዩ፤ የመጀመሪያው በጥበቃ ክፍል፣ ሁለተኛው በምሕንድስናና ንብረት ክፍል ይሰጥ። የእሳት አደጋ፣ የአምቡላንስና የአካል ጉዳተኞች ድርሻ ለማንም ማዕረግ የማይነካ ይሁን። በስም የሚመደብ ቦታ በጣት ይቆጠር። ፈቃዱ በየዓመቱ የሚታደስ እንጂ እንደ ርስት የሚያዝ አይሁን። እነዚህን ለመፈጸም የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሜትር፣ ቀለም፣ አንድ መዝገብና የተቋሙ ኃላፊ በመጀመሪያው ቀን የራሱን መኪና በበሩ አጠገብ አቁሞ በእግሩ መግባቱ ነው።

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋይንት በኩል ወደ ወልድያ የሚሻገረው መንገድ ከተሠራ ወዲህ ወደዚያ አገር መኪና መድረሱ አዲስ ነገር አይደለም። በንግሥ ቀን ሚኒባስና አውቶቡስ ሲበዛ ለበቅሎ የወጣው ደንብ ለመኪናም ይሠራል፤ ከቅጽሩ ውጭ መውረድ ነው። የቤተ ልሔም ሊቃውንት ለድጓ መምህር ምስክር የሚሰጡት ዜማውን ከመዘኑ በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም ለመኪና ፈቃድ የሚሰጡት መሬቱን ከመዘኑ በኋላ ቢሆን ከዚህ ቀድሞ ከነበረው ዕውቀት የሚርቁበት ምክንያት የለም።